ቻርጅ እያደረገ ዝም ያለው ስልክ

ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ እስካሁን «ቲቸር» የምትሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኬብል ነው። መሳቅ ትችላላችሁ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

ሐሙስ ማታ የታናሽ እህቴ ስልክ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ የስክሪኑ የታችኛው ክፍል ደግሞ ቢነኩት ቢጫኑት አልሰማ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ስልክ ነው፣ ይተካል» እላት ነበር። አሁን ግን ስልኩ ውስጥ እማዬ አለች። ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። በሕይወት እያለች እህቴ የቀረጸቻቸው ድምጾችና ቪዲዮዎች ሌላ የትም የሉም። ያውም የተቀረጹት ካዛንቺስ በ2017 ሳይፈርስ፣ በድሮው ቤታችን ነው። አንዳንዱ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳ ይሰማል።

አርብ ማታ ስልኩን በሻሽ ጠቅልላ ቄራ ቤቴ መጣች። የጠየቀቻቸው ሁሉ ለዚህ ሞዴል ስክሪን የለም ብለዋታል። «ጋሼ፣ እማዬ እንዳትጠፋብን» አለችኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት እተኛለሁ?

ነገሩን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። የመክፈቻ ቁጥሯ ውስጥ 7 እና 0 አሉ፤ ሁለቱም ያሉት በሞተው ክፍል ላይ ነው። እስካሁን የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው። ስልክ አንዴ ጠፍቶ ከበራ ግን አሻራ ብቻ አይበቃውም፤ ቁጥሩን አስገባ ይላል። ባይጠፋም እንኳ ብዙዎቹ አንድሮይዶች ቁጥሩ ከገባ 72 ሰዓት ካለፈ እንደገና ይጠይቃሉ። መጨረሻ ያስገባሽው መቼ ነው ብላት «እኔ ምን አውቄ!» አለች። እዚያው አደረች፤ ጣቷ ያስፈልገኛላ።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስልኩን ሰካሁት። የባትሪው ምልክት በራ፤ ቻርጅ ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ። ድምፅ የለ፣ ፎልደር የለ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁ፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ዲቫይስ ማናጀር ገብቼ ድራይቨር አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዊንዶውሱን ራሱ እንደ አዲስ ልጭነው ምንም አልቀረኝም።

«በቴሌግራም አትልከውም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስልኩን አግድም አዙሬ፣ ከሞተው ክፍል እየሸሸሁ ሁለት አጫጭር ድምጾች ልኬያለሁ። ቪዲዮዎቹ ግን ትልልቅ ናቸው። ቴሌግራም በነጻ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የኔ ፓኬጅ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴን አስከትዬ ከቄራ ወደ ጎፋ ገብርኤል በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ከብት የጫነ አይሱዙ እያሳለፍን ስንሄድ ከአንዲት ጠባብ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞር ስል የድሮ ተማሪዬ ነው። ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። ወንበሩን ለእህቴ ለቀቀላትና ታሪኩን ሰማ።

«በምን ኬብል ነው የሰኩት?»

አሳየሁት። ከአንድ የእጅ ባትሪ ጋር የመጣ ኬብል ነው፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም ቻርጅ የምናደርግበት። አገላብጦ አየውና ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ ልቁረጠው?» ቁረጠው አልኩት። በምላጭ ላጠው። ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ቀይና ጥቁር።

ከዚያ እኔን ያስተምረኝ ጀመር። በተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ቢያንስ አራት ሽቦ አለ። ቀዩና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፤ አረንጓዴውና ነጩ ዳታ። ርካሽ ሲሠሩት የዳታዎቹን ይተዋቸዋል። ስልኩ ይበላል፣ ግን አይናገርም። ኮምፒውተሩም መኖሩን አያውቅም፤ ድራይቨር ብትጭን ባትጭን ምን ልታመጣ!

(ቮልቴጅና ከረንት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ሳስል ኖሬ፣ ኬብሉን ለመጠርጠር አንድም ጊዜ አልታየኝም።)

የስልኩን ቀዳዳ መጀመሪያ በስቴኪኒ ጠረገው፤ ከኪስ የገባ ብናኝ ወጣ። እሱ ራሱ ኬብሉን በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል አለኝ። ከዚያ የራሱን ኬብል ሰካ። ላፕቶፑ «ቲንግ» አለ። ያችን ድምፅ ስሰማ እህቴን አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛለች።

ፎልደሩን ሲከፍተው ግን ባዶ! ልቤ ቀጥ አለች። «አይደንግጡ» አለና የእህቴን ጣት አስነክቶ ስልኩን ከፈተ። ከላይ ወደ ታች ጎተት ሲያደርግ ስለ ዩኤስቢ የሚል ማስታወቂያ መጣ። እሱን ነክቶ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን መረጠ። አንድሮይድ ከ6ኛው ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 እንደ ፈረንጆች፣ ሲሰካ በራሱ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሰው ኮምፒውተር ላይ ቻርጅ ልታደርግ ብትሰካ ፎቶህን እንዳይገለብጡብህ ነው። ለካ መለያው ቀላል ነው፤ ያ ማስታወቂያ ጭራሽ ካልመጣ ኬብሉን ወይም ቀዳዳውን ጠርጥር፣ ከመጣ ምርጫውን አስተካክል።

«ሌሊት ቢጠፋብን ኖሮስ?» አልኩት። ከመሳቢያው ትንሽ የኦቲጂ መገናኛ አወጣ። ስልኩ የሚቀበል ከሆነ ማውስ ትሰካበታለህ፤ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትመጣለች፤ ቁጥሩን በማውስ ትነካለህ። 7ንም 0ንም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ 72 ሰዓት ስቆጥር ያደርኩት በከንቱ ነው።

ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ ገለበጠው፤ ከዚያ በእህቴ ሁለት ፍላሽ ላይ። አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘናል። የላፕቶፑን ራሷ እንድታጠፋው አደረገ። «ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛችሁት እንዳትገቡ፣ በቫይረስ ሾርትከት ያደርግባችኋል» አለን። ስንት ነው ስለው ገንዘብ አልቀበልም አለ።

«ቲቸር፣ ፋይናል ላይ 38 ሰጥተውኝ ነበር። 12 ይጨምሩልኝና ልለፍ።»

ጨምሬለታለሁ። የዛሬው ሱቁ ፊት ላይ ስላልኩት ይህን ጽሑፍም ምስክር ይሁነው።

ቤት ስንደርስ ረጅሙን ቪዲዮ ከፈትነው። የካዛንቺሱ ኩሽና ነው። እህቴ ስልኩን ደገፍ አድርጋ «እማዬ፣ እስቲ ስለ ልጅነትሽ አውሪን» ትላለች። እማዬ ካሜራውን ቀና ብላ አየችው፤

«አሁን ይሄን ነገር ዝጊና ሽንኩርቱን ክተፊ።»