ገዥ ማውረድ ሌላ፣ ገዥ መምረጥ ሌላ

ጎጃም ገዥ ሲሾምለትና ሲሻርለት ኖረ እንጂ መርጦ አያውቅም። ማውረዱን ግን ያውቅበታል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም አለ። "ግምት" በርስተኛው ጆሮ ቃላድ ማለት ነበር፤ ዛሬ አዝመራዬን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከዚያ ወዲያ ርስቴ ርስት አይሆንም ብሎ ነው የሰጋው። ሸፈተ። የአውሮፕላን ቦምብ ወረደበት፣ አልበረደም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንንን ሾሙ፣ የተጠራቀመውንም የግብር ዕዳ ማሩ።

"ጠቡ ከግብሩ ነው፣ ከገዥው ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። ክብሪቱ ግብሩ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አዋጁ የወጣው ለመላው አገር ሲሆን፣ እዚህ ገበሬው ከግብሩ ጋር የሰውየውንም መነሣት ጠየቀ፤ የሰውየው መዋጮና የጦር መሣሪያ ምዝገባ ቀድሞ አንገፍግፎት ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የፓርላማ እንደራሴ ይምረጥ ብሎታል፤ ገዥውን ግን የሚሾመው ዙፋኑ ነው። እንደራሴው ደግሞ ገዥውን መሻር አይችልም። "ይበቃዎታል" የሚባልበት በር ሲዘጋ የቀረው ምንሽር ነበር።

"ምርጫስ ምን ይፈይዳል?" ለሚል በ1839 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የሆነውን ላንሣ። እዚያም ሕዝብን ያስቆጣ ሕግ ነበር፤ ከ57 ሊትር ገደማ ያነሰ አረቄ መቸርቸር የሚከለክል። (ድሃው በመለኪያ እንዳይጠጣ፣ ሀብታሙ በበርሜል እንዲጠጣ ማለት ነው።) ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም፤ ያን ምርጫ ፍጹም የሚለው የለም። ሆኖም ከመቶ ሺህ በላይ ድምፅ ተቆጥሮ ማርከስ ሞርተን ከጠቅላላው ድምፅ ግማሽ በአንዲት ድምፅ ብቻ በልጦ ሥልጣን ላይ የነበረውን ገዥ ኤድዋርድ ኤቨረትን ረታው። ኤቨረት ወንበሩን ለቀቀ፣ ሕጉም በዓመቱ ተሻረ። በእርግጥ የሞጣና የቢቸና ገበሬም ገዥውን አስነሥቷል፤ የከፈለው ግን በደም ነው፣ ተተኪውንም የመረጠለት ሌላ ሰው ነው።

ዛሬስ? ሞጣና ቢቸና ያሉበትን የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ሕዝቡ የምክር ቤቱን አባላት ይመርጣል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፣ ብዙ አገር የሚሠራበት ነው። ግን ከ2011 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በክልሉ ወንበር ላይ አምስት አዳዲስ ርእሰ መስተዳድሮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዶክተር አምባቸው መኮንን በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ። በእነዚያው ዓመታት ሕዝቡ ለክልል ምክር ቤት ድምፅ እንዲሰጥ የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2013።