የማን ልጅ ነው?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኒውዮርክ የምትኖረው ልጄ ጋ ሄጄ ከርሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ባሏ ማንሃታን ውስጥ ሴኮንድ አቬኑ ወደሚባለው ጎዳና ወሰደኝ። ጥግ ላይ ካለ አሮጌ ሲኒማ ቤት አስገብቶ ጣሪያውን አሳየኝ፤ መሐሉ ላይ የዳዊት ኮከብ አለ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1926 የተሠራው ለይዲሽ ቴአትር ነው። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ሲሆን፣ ስደተኞቹ ይህን ጎዳና በቴአትር ቤቶች ሞልተውት ነበር።

የልጄ ባል ቴአትር ይወዳል። ፊልሙ እስኪጀምር አብርሃም ጎልድፋደን በ1880 የጻፈውን «ሁለቱ ኩኒ ለምል» የተባለ አስቂኝ ተውኔት አጫወተኝ። አንድ አባት ለዘር ሐረግ ሲል ልጁን ለኩኒ ለምል ሊድራት ይነሳል። ሰውዬው ያነክሳል፣ አንድ ዓይኑ አያይም፣ ይንተባተባል። ልጅቷ የምትወደው ተማሪ ደግሞ ኩኒ ለምልን መስሎ፣ እያነከሰና እየተንተባተበ ከች ይላል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ እውነተኛው ግራ ይጋባል፤ መንገድ ላይ በስሙ ቢጠሩት «አቤት» ይበል እንደሆነ አስመሳዩን ይጠይቀዋል!

ነርስ ነኝና በአካል ጉዳት መሳቁ መጀመሪያ ጎረበጠኝ። ኋላ ሳስበው ግን ዋናው መሳቂያ ልጁን ትቶ ዘር የሚቆጥረው አባት ነው።

ተውኔቱ ብዙ ተሰዷል። በ1883 ሩሲያ የይዲሽ ቴአትርን ስትከለክል ብዙ ተዋንያን ወደ ለንደንና ኒውዮርክ ሄዱ። በኋላ ናዚዎች በአውሮፓ የነበረውን ተመልካች ፈጁት፤ አሜሪካ የተወለዱት ልጆችም ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ሆኖም ተውኔቱ በ1966 እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥ ፊልም ሆነ። ሁለቱንም ኩኒ ለምል ሆኖ የሠራው ማይክ በርስቲን የይዲሽ ተዋንያን ልጅ ነው። በ1984 ደግሞ እዚያው ኒውዮርክ በእንግሊዝኛ፣ በሙዚቃ ታጅቦ ቀረበ። ቋንቋው ሲቀየር አባትየው አልተቀየረም፤ በየአገሩ አለና።

እኔም አለሁበት። ልጄ ይህን ሰው ላግባ ስትለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነበር። መልሱን ስላልወደድኩት ሠርጓ ላይ አልተገኘሁም።

ስንወጣ ጉልበቴን አሞኝ እያነከስኩ ነበር። ደግፎ ደረጃውን አወረደኝ። መንገድ ላይ ቆሜ «ይቅር በለኝ ልጄ» አልኩት።

«እሱንስ ለእሷ ይንገሯት፣ እማዬ» አለኝ።

ማታ ነገርኳት።