ስለ ጅባት ደንና ስለ ጉደር ውሃ

ውሃቸው የጠቆረ ታላላቅ ወንዞች በዓለም ላይ አሉ። በብራዚል አገር በማናውስ ከተማ አጠገብ ከአማዞን ጋር የሚገናኘው ሪዮ ኔግሮ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ትርጓሜውም ጥቁር ወንዝ ማለት ነው። ጥቁረቱ ግን ከጭቃ የመጣ አይደለም። በደን ውስጥ የረገፈው ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ፥ ሻሂ በፈላ ውሃ ውስጥ እንደሚያደርገው፥ ቀለሙን ስለሚለቅ ነው። ስለዚህ የወንዝ መጥቆር ሁለት ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ አንዱ የደን ብዛት ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ግን የእርሻ አፈር ታጥቦ መሄዱን የሚናገር ምስክር ነው።

በአገራችን ይህን ነገር መመርመር ለሚወድ ሰው ምዕራብ ሸዋ መልካም ትምህርት ቤት ነው። መንገደኛው ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፥ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ወደነበረችውና በማዕድን ውሃዋ ወደታወቀችው ወደ አምቦ ይደርሳል። ከዚያም 12 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ በጉደር ከተማ አጠገብ የወንዙን ፏፏቴ ያያል። ከአምቦ በስተ ደቡብ ምዕራብ የጅባት ተራራ ከነደኑ ይገኛል፤ የወረዳው ከተማ ሸነን ስትሆን፥ ጎረቤቱም ጥቁር እንጭኒ ነው። በዚህ ደጋ ዝግባና ወይራ፥ ኮሶና ቀርከሃ ይበቅላሉ።

ይህ አገር እንደ ቤት ክዳን ዝናሙን ወደየወገኑ የሚያከፋፍል ነው። ከጅባት ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ጉደር፥ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። ወደ ደቡብ የሚወርደው ለጊቤ ይደርሳል፤ ጊቤም ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል በጊንጪ አቅራቢያ የሚነሣው አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል።

ደኑ ለወንዙ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። ቅጠሉ የዝናሙን ኃይል ያበርዳል፤ የረገፈውም ውሃውን እንደ ጥጥ ይመጠዋል፤ ሥሩም አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። በክረምት የተመጠጠው ውሃ በበጋ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ምንጩን ያቆየዋል። ዛፉ በተቆረጠ ጊዜ ግን ክረምቱ ጎርፍ፥ በጋውም ድርቅ ይሆናል፤ አፈሩም ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ ይሄዳል።

ዛሬ ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ የከበደ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጉደር ከዓባይ ከሚገናኝበት በታች ነውና፥ ከጉደር ዳገቶች የሚታጠበው አፈር ለግድቡ ሐይቅ ደለል ይሆናል። እንግዲህ በሸነን አቅራቢያ የሚወድቅ አንድ ዝግባ ለሩቁም አገር ጉዳት አለው።

መድኃኒቱ ከእጃችን የራቀ አይደለም። በዚያው በምዕራብ ሸዋ፥ በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭልሞ ደን፥ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ከመንግሥት ጋር እንዲጠብቅና ከጥቅሙም እንዲካፈል ተደርጓል። ከደኑ የሚጠቀም ሰው ለደኑ ዘበኛ መሆን ይችላልና።

በወንዝ ዳር ርስት ወይም እርሻ ያለው የቤተሰብ አባትም ዳሩን እስከ አፋፉ አያርሰው፤ በምንጭ አጠገብ ውሃ የሚሻማውን ባሕር ዛፍ ትቶ የአገር ዛፍ ይትከል። እናትም ልጆችዋን ወደ ወንዝ ስትወስድ ውሃውን በእፍኛቸው አስቀድታ ታሳያቸው፤ በእጃቸው ላይ አፈር ቢቀር፥ የማን ማሳ እንደ ሆነ ይጠይቁ።