ከቤት ያልራቁ ኮከቦች

ወጥተን አይተነው የማናውቀውን ቤት ቅርፁን እንዴት እንናገራለን? ፍኖተ ሐሊብ ለኛ እንደዚያ ያለ ቤት ነው። ፀሐይ ከመሃሉ ወደ 26,000 የብርሃን ዓመት ርቃ እዚያው ውስጥ ትዞራለች። ከውጭ ሆኖ ሙሉውን ያነሳው ካሜራ የለም። «ጋላክሲያችን» እየተባለ የሚለጠፈው ጥምዝምዝ ምስል በመረጃ ላይ ተመሥርቶ የተሳለ ሥዕል እንጂ ፎቶ አይደለም።

ይሄ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የምሠራበትን ሰርቨር በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ እየለካሁ ነው ጤንነቱን የማውቀው። ስለ ሴፊይዶች መጀመሪያ ሳነብ ቶሎ የገቡኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ሴፊይድ ብርሃኑ ጊዜውን ጠብቆ የሚጨምርና የሚቀንስ ግዙፍ ኮከብ ነው። ነገሩ የሚፈላ ድስት ክዳን ይመስላል። በኮከቡ ውስጥ ያለ የሂሊየም ንብርብር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ኮከቡ ይነፋል፤ ሲነፋ ሙቀቱ ያመልጣል፣ ኮከቡም መልሶ ይኮማተራል። ስማቸውን የሰጣቸው ዴልታ ሴፊይ አንዱን ዙር በ5.4 ቀን ገደማ ይጨርሳል።

የእነዚህን ኮከቦች ቁልፍ ያገኘችው ሄንሪየታ ሊቪት ናት። በሃርቫርድ የኮከብ መመልከቻ ተቀምጣ፣ በመስታወት ላይ የተነሱ ፎቶዎችን እያነጻጸረች፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ያሉ 25 ኮከቦችን ውጤት አወጣች። ሁሉም ከኛ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ ዙራቸው የረዘመው ግን የበለጠ ደማቅ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ዙሩን ከቆጠርክ የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት ታውቃለህ። ያንን ለዓይን ከሚታየው ድምቀት ጋር ስታስተያይ፣ በመሃል ያለው አቧራ የጋረደውንም ስታስብለት፣ ርቀቱ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሮታ ስኮሮን የተመራ ቡድን በዚሁ መንገድ የ2,431 ሴፊይዶችን ቦታ በሦስት አቅጣጫ አሳየ። አብዛኞቹን የመዘገበው ቺሊ ውስጥ ላስ ካምፓናስ ላይ ያለው የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ቴሌስኮፕ ነው። ካርታው ላይ ጋላክሲያችን ዝርግ አይደለም። ጠርዙ እንደተጣመመ ሰፌድ በአንድ ወገን ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ይታጠፋል።

መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ቅዳሜ አውርጄ በጥቂት መስመር ኮድ ነጥቦቹን ሳልኳቸው። ጥምመቱን ላፕቶፔ ላይ ሳዞረው እማዬ ቡና እየቆላች ታይ ነበር።

«ለምን እነዚህን ብቻ መረጡ?» አለችኝ።

«ደማቅ ናቸው፣ ከሩቅ ይታያሉ። ደግሞም ልጆች ናቸው።»

ልጅ ስል ከጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት የማይበልጡ ማለቴ ነው። ፀሐይ ጋላክሲውን አንዴ ለመዞር ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅባታል፤ ሴፊይዶቹ ገና አንድ ወይ ሁለት ዙር ቢዞሩ ነው። ስለዚህ የተወለዱበት ጋዝ የነበረውን ቅርፅ ብዙ አልለቀቁም። ያረጁት ግን ተበታትነው ተቀላቅለዋል።

ይህንን ስነግራት የራሴ ነገር መጣብኝ። አብረውኝ ኢንጂነሪንግ ከተመረቁት ግማሾቹ አገር ውስጥ የሉም። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «እንደምን አደራችሁ» ሲባል ለአንዱ ማታ ነው። እኔም የውጭ ሥራ ፎርም ሞልቼ ኢሜይል ከምጠብቅ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ እሷ ይህን ታውቃለች።

«ፀሐይስ የት ነው የተወለደችው?» አለች።

«አይታወቅም እማዬ። 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል፣ ሃያ ጊዜ ያህል ዞራለች። አብረዋት የተወለዱትም የት እንደደረሱ እየተፈለጉ ነው።»

ቡናውን አንዴ ነቅነቅ አደረገችውና ዝም አለች። ከዚያ «ያ ኢሜይል ሲመጣ ለእኔ ቀድመህ ንገረኝ» አለችኝ።