ማክሰኞን ያላየ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል። እኔ የተበደርሁት ግን ጤፍ አልነበረም፤ የእህቴን የሰባት ዓመት ላብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ምግብ ቤት ከፈትሁ። ሦስታችንም ታክሲ ነጂዎች ነበርን። ያጠራቀምነውም ከዕቁብ የወጣልንም አልበቃ ቢለን፣ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራው ታናሽ እህቴ ደወልሁ። «ጋሼ፣ አንተ ካልህ እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ የቋጠረችውን 6,000 ዶላር ላከችልኝ። ስንት ታተርፋለህ፣ መቼ ትመልሳለህ አላለችም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

«ጥናት አላደረጋችሁም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛማ ያደረግን መስሎን ነበር። ቅዳሜ ማታ በዋሽንግተን ዘጠነኛው ጎዳና ተሳፋሪ ስናወርድ፣ በሐበሻ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ቆሞ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እያየን እንጎመጅ ነበር። ማክሰኞ ቀን ወደዚያ የሚያደርሰን ተሳፋሪ ስላልነበረ ማክሰኞን አላየንም። ቅዳሜን አይተን የአምስት ዓመት የኪራይ ውል ፈረምን።

ሒሳቡን የሠራሁት በ14ኛው ወር በሩን ከዘጋን በኋላ ነው። ኪራዩ በወር 4,200 ዶላር ነበር፤ በላዩም ከሕንፃው ግብር፣ መድንና ጥገና ድርሻችን 900 ዶላር። ይህ ሁለተኛው ክፍያ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ሳለ አንዳችንም አላነበብነውም። ደመወዝ 6,000፣ መብራት፣ ጋዝና የራሳችን መድን 1,300፤ ድምሩ 12,400 ዶላር። አንድ ሰው በአማካይ 12 ዶላር ቢከፍል 4ቱ ለአስቤዛ ይወጣል፤ የሚተርፈው 8 ነው። 12,400ን ለ8 ሲያካፍሉት 1,550 ሰው ይመጣል። ሰኞ ሰኞ ስለምንዘጋ በወር የምንሠራው 26 ቀን ያህል ነበር። ስለዚህ ላለመክሰር ብቻ በየቀኑ 60 ሰው መብላት ነበረበት። ቅዳሜና እሑድ 70 ይመጣል፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ግን 25። ሲደመርና ሲካፈል በቀን 40 ነው። የጎደሉት 20 ሰዎች በየወሩ ከ4,000 ዶላር በላይ ያስወጡን ነበር።

ይህ ስሌት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ ስለምን አልሠራነውም? እውነቱን ለመናገር ሦስታችንም በየልባችን ሠግተን ነበር። ነገር ግን በደስታ መካከል «ባይሆንስ?» የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ሟርተኛ ይባላል። ይሉኝታ አፋችንን ያዘው። የአዋጭነት ጥናት ማለት፣ ኋላ እንደ ገባኝ፣ ያንን ሟርተኛ አስቀድሞ ቤት ጠርቶ ቡና አፍልቶ ማዳመጥ ነው። በአሜሪካ አዲስ ከሚከፈቱ ድርጅቶች ከአምስቱ አንዱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት፣ ግማሽ ያህሉም በአምስት ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ። ሟርተኛው የሚናገረው አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ባለቤቴ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች ላስረክብ ስትል ደነገጥሁ። እሷ ግን ከእኔ ውድቀት ተምራ ኖሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማክሰኞንም ጨምራ፣ በየሱቁ ደጃፍ እየቆመች ቆጠረች። ባለሱቆቹ ያልተሸጠውን እንደሚመልሱና ከ10 እሽግ 2ቱ ተመላሽ እንደሚሆን አወቀች። የአይዳሆን ጤፍ ዋጋ ከማጓጓዣው ጋር ጻፈች። ከዚያም ወረቀቷን ይዘን ከ1964 ጀምሮ አነስተኛ ነጋዴዎችን ያለ ክፍያ ወደሚያማክረው ስኮር ወደተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሄድን። አንድ ጡረተኛ ነጋዴ አንብበው ሲጨርሱ፣ «የትኛው ቁጥር ቢመጣ ነው ሐሳባችሁን የምትተዉት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ለካስ እሷም ብትሆን የቆጠረችው ለመጀመር እንጂ ለመተው አልነበረም።

ቤታችን ተመልሰን ያንን ቁጥር ጻፍነው፦ ተመላሹ ከ10 እሽግ 3 ከደረሰ እንተዋለን። በዚህ መስፈርት ሱቅ ተከራይቶ መጋገር የማያዋጣ ሆኖ ተገኘ። በሌሊት በሰዓት በሚከራይ የጋራ ኩሽና መጋገር ግን አዋጣ። ያ እንጀራ ዛሬም እንጀራችን ነው። ለእህቴም በየወሩ 150 ዶላር እየላክሁ ዕዳዬን በ40 ወር ጨረስሁ። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት፣ አገሯ ከገባች በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ደወለች። ጀሞ ከኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ተከራይታ ቡና ቤት ልትከፍት ነው። «ጋሼ፣ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ። ከዓመታት በፊት እሷ ለእኔ እንዳለችው «አንቺ ካልሽ» ማለት ይቀለኝ ነበር።

«ማክሰኞ ሂጂና ከጎኑ ካለው ቡና ቤት እስኪመሽ ተቀመጪ» አልኋት። «ለመተው የሚያበቃሽንም ቁጥር ሳትሄጂ ጻፊ።»

ጽፋ ሄደች። የጻፈችው 60 ሰው ነበር፤ የቆጠረችው 31። በሚቀጥለው ማክሰኞም ሄዳ 28 ቆጠረች። ሱቁን አልተከራየችም። ገንዘቧ ግን አለ።