ሚስቴን ያስጠረጠረኝ ክኒን

ዛሬ የማወጋችሁ የገዛ ገመናዬን ነው። «ገመና አደባባይ ይወጣል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ ይበል። እኔ ግን በዝምታዬ ምክንያት የሠላሳ አንድ ዓመት ትዳሬ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው የተረፈው።

ቤቴ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። ዕድሜዬ 64፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በሽታው የጀመረኝ በ2009 ዓ.ም. ጠመኔ እንደያዝኩ ነው። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ አመጣች። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ፊደል ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄዶ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «ቲቸር፣ አይታይም!» ይሉኝ ጀመር። ሰፈሩም የራሱን ምርመራ አደረገልኝ። አንዱ «መጠጥ ነው» አለ፤ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። ጠበልም ተጠመቅሁ። በመጨረሻ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። «ፓርኪንሰን ይባላል» አለኝ።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1817 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ከጻፈው ከለንደኑ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ሰውነት ይገትራል፣ እርምጃ ይዘገያል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ ማራቶን ባሸነፈችበት የአትላንታ ኦሎምፒክ ላይ፣ መሐመድ አሊ ችቦ ሲለኩስ እጁ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ታስታውሱ የለ? እሱ ነው።

የታዘዘልኝ ሊቮዶፓና ካርቢዶፓ አንድ ላይ ያለበት ክኒን ነው። በሽታውን አያድንም፤ ግን አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ ሰው ያደርጋል። ምን ልበላችሁ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሸሚዜን ራሴ ቆለፍኩ! አራት ዓመት ያህል በሰላም ኖርኩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ከገበያ ጠፋና ስፈልግ ከርሜ አንድ ቦታ አገኘሁ። «ያው ነው ጋሼ፣ አንድ ዓይነት ነው» አለኝ ሻጩ። አመስግኜ ወሰድኩ። ቀድሞ የምወስደው ግን ማሸጊያው ላይ 250/25 የሚል ነበር፤ አዲሱ 100/25 ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁጥር ሳስተምር ኖሬ ያንን ቁጥር አላነበብኩም! ስሙ አንድ ነው፤ የማገኘው ሊቮዶፓ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ እግሬ በር ላይ ስደርስ በሙጫ እንደተለጠፈ ቀጥ ይላል። መንቀጥቀጡም ተመለሰ።

ሐኪሜ ሩቅ ስለሆነ ሌላ ቦታ ታየሁ። «በሽታው ብሶብህ ነው» ተባልኩና አርቴን የሚሉት ትራይሄክሲፌኒዲል ተጨመረልኝ። የእህቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበርና በሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር መጠኑን በራሴ ሥልጣን እጥፍ አደረግሁት። እጄ እውነትም ጋብ አለ። አፌ ግን ደረቀ፣ ሆዴም ደረቀ። ከዚያ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ልጆች ሲሯሯጡ አይ ጀመር። ቀጥሎ ማንጎው ሥር የቆመ ሰው አየሁ።

ያንን ሰውዬ ከባለቤቴ ጋር አገናኘሁት። ገበያ ስትሄድ ሰዓት እቆጥራለሁ። ስልኳን እበረብራለሁ። አንድ ሌሊት ቀስቅሼ «ሰውየው ማነው?» አልኳት። «የቱ ሰውዬ?» አለች ደንግጣ። አፌ ያመጣልኝን ተናገርኳት፤ እዚህ ልጽፈው አልደፍርም። እኔን የምታለብስ፣ የምታጎርስ ሴት እኮ ናት! ምንም አልመለሰችም። ጠዋት ሻንጣዋን አወጣች።

ያዳነን የልጃችን ደብተር ነው። ክኒን የወሰድኩበትን ሰዓትና የሆንኩትን ሁሉ ትመዘግብ ነበር። «አባዬ፣ ይሄ ነገር የጀመረህ አዲሱን ክኒን ከጨመርክ በኋላ ነው» አለችኝ። ተቆጣኋት። እናቷን ግን «እማዬ፣ ሐኪሙ ጋ እስክንደርስ ብቻ ታገሺ» ብላ ለመነቻት።

የድሮው ሐኪሜ ደብተሩን አነበበ፤ ባዶ ማሸጊያዎቹንም አገላብጦ አየ። አርቴን በዕድሜ የገፋን ሰው ሊያቃዥና ሊያደናግር እንደሚችል፣ የባሰብኝም መጀመሪያውኑ የሊቮዶፓው መጠን ስለወረደ መሆኑን አስረዳኝ። «በቃ ዛሬውኑ እጥለዋለሁ» ስለው «እንዳታደርገው!» አለኝ። ቀስ በቀስ አስቀነሰኝ፤ የሊቮዶፓውንም መጠን አስተካከለ። ሳምንታት አለፉ፤ ማንጎው ሥር የነበረው ሰውዬ ጠፋ። የቀረው ኀፍረቴ ነው።

የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን በዚህችው ከተማ እንደመለሱ አገር ያውቃል። እኔም ሣር በጥሼ ባለቤቴ ፊት ተንበረከክሁ። መንበርከኩስ ሆነልኝ፤ መነሣት አቃተኝ። በብብቴ ገብታ አነሣችኝና «ደግሞ በሽታህን ተደብቀህ ስታክም ባገኝህ!» አለች። ሁለታችንም አለቀስን፣ ሳቅንም። ሻንጣው ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንግዲህ ከእኔ የተማራችሁትን ያዙ። መድኃኒት ስትገዙ ከስሙ ጋር ቁጥሩንም አንብቡ፤ ከተለወጠ ሳትውጡት በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። በራሳችሁ አትጨምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ፤ የፓርኪንሰን መድኃኒትን በአንዴ ማቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ትኩሳትና ግትርነት ሊያመጣ ይችላል። ሰባት ስምንት ቀን የሚያቆይ ብቻ ሲቀራችሁ ፍለጋ ጀምሩ።

ምግብም ነገር አለው። ምሳ ላይ የጫሞን አሳ ጥብስ በልቼ ክኒኔን ስከተልበት አልሠራ እያለኝ እቸገር ነበር። ለካ የሥጋ፣ የአሳና የወተት ፕሮቲን ከሊቮዶፓ ጋር መንገድ ይሻማል! አሁን ክኒኔን ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ እወስዳለሁ፤ አሳውን ወደ ማታ አዛወርኩት። የደም ማነስ ኪኒን፣ ብረት ያለበትን፣ የሚወስድም ሰዓቱን ያራርቅ። ትውከት ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ «ፓርኪንሰን አለብኝ» በሉ፤ ፕላሲል የሚባለው መድኃኒት በሽታውን ያብሳል።

ከሁሉም በላይ አጠገባችሁ ላለው ሰው ተናገሩ። የሌለ ነገር ማየት፣ ሰው መጠርጠር ቢጀምራችሁ እብደት ነው ብላችሁ አትደብቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ራሷ ከበሽታው ጋር የምትኖር ሴት በ2011 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ለትዳር አጋሮችም አንድ ቃል አለኝ። ደግ የነበረው ሰው ድንገት ክፉ ቢሆንባችሁ፣ ሻንጣ ከማውጣታችሁ በፊት የክኒኑን ማሸጊያ እዩ። ቸር ያሰማን።