ደግ ጌታና የተጻፈ ውል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ሰማይን አርሶ የሚያድር ሰው ከመምጣቱ በፊት ነው። ዛሬ አብራሪ የሚባለው ባለሙያ ማልዶ ተነሥቶ ሰማዩን ያርሳል፤ ልጆቹን የሚያሳድገውም፣ የቤት ዕዳውን የሚከፍለውም ከዚያ በሚያገኘው ነው። የምሳሌው ሁለተኛ ግማሽ ግን እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አልተሻረም። ጌታው ክፉ ከሆነ መክሰሱም መደራጀቱም ምክንያት አያጣም፤ የሚከብደው ጌታው ደግ ሲሆን ነው። ጄትብሉ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች ሦስት ጊዜ ድምፅ የሰጡበት ጉዳይ ይኸው ነበር።

ኩባንያው የመጀመሪያ መንገደኞቹን ከኒውዮርኩ የኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ አንሥቶ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል ያደረሰው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2000 ነበር። መሥራቹ ዴቪድ ኒልማን በራሱ አውሮፕላን ሲሳፈር ሽርጥ ታጥቆ ለመንገደኛ ብስኩት የሚያድል፣ ሲያርፉም ከሠራተኞቹ ጋር በየወንበሩ መካከል ቆሻሻ የሚለቅም ሰው ነበር። በዚያ ቤት «ተቀጣሪ» የሚል ቃል አይወደድም፤ ከሻንጣ ጫኚው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም የበረራ ባልደረባ ይባላል። አብራሪውም ከኩባንያው ጋር የሚተሳሰረው በማኅበር በኩል ሳይሆን፣ በየግሉ በሚፈርመውና ጊዜው ሲደርስ በሚታደስ የአምስት ዓመት ውል ነበር። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው «እንደራጅ» ሲሉት አባቱን ሸንጎ ፊት እንዲያቆም የተጠየቀ ያህል ቢከብደው አያስገርምም።

ይሁንና ማኅበሩን የተቃወሙት ሁሉ የዋሆች ወይም አድር ባዮች ነበሩ ማለት ስሕተት ነው። ከእነርሱ መካከል በአሮጌዎቹ አየር መንገዶች ሠርተው ያለፉ፣ የማኅበርን ጥቅምም ወሰንም በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ዩናይትድ ጠንካራ የአብራሪዎች ማኅበር የነበረበት ቤት ነው። ኩባንያው በዲሴምበር 2002 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2005 ደግሞ የጡረታ ዕቅዱ ወደ መንግሥቱ የጡረታ ዋስትና ተቋም ተዛወረና፣ ዕድሜያቸውን በሰማይ የጨረሱ ካፒቴኖች ከጠበቁት ጡረታ ብዙውን አጡ። ማኅበሩ ነበር፤ የኅብረት ስምምነቱም ተጽፎ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም። ይህን ያየ ሰው «ኩባንያው ከወደቀ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ቢል መልስ ያሻዋል።

ሌላም ፍርሃት ነበር። የአብራሪን ኑሮ የሚገዛ አንድ ዝርዝር አለ፤ የቅድምና ተራ ይባላል። ማን ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን ረዳት ሆኖ እንደሚቆይ፣ ማን በበዓል ቀን ከልጆቹ ጋር እንደሚውል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝም ማን አስቀድሞ እንደሚሰናበት የሚወስነው በዚያ ዝርዝር ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከቤት ወደ ቤት አይዞርም፤ ሃያ ዓመት ያበረረ ካፒቴን ኩባንያ ቢቀይር ከታች ይጀምራል። ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት በ2005 ሲዋሐዱ የሁለቱ ወገን አብራሪዎች በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር ነበሩ። የሁለቱ ዝርዝር እንዴት ይቀላቀል በሚለው ነገር ግን መስማማት አቅቷቸው፣ በ2007 ገላጋይ ዳኛ ፈረደ። በቁጥር የሚበልጡት የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ፍርዱ አልጥም ቢላቸው፣ በ2008 ማኅበሩን በድምፅ ሽረው ሌላ አቋቋሙ። ማኅበር የብዙኃኑ ክንድ ከሆነ ጥቂቶቹን ከማን ያስጠጋቸዋል? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬም የተሟላ መልስ ያገኘ አይመስልም።

ታዲያ ደጋፊዎቹ ምን ይዘው ተከራከሩ? ያለፈውን ከማስታወስ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2007 በኒውዮርክ በረዶ ወረደ፤ የጄትብሉ መንገደኞች መነሣትም መውረድም ተስኗቸው አውሮፕላን ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ተቀመጡ። ኒልማን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን በይቅርታ ብቻ አላበቃም፤ አውሮፕላን ሲዘገይ ለመንገደኛው ምን እንደሚገባው የሚዘረዝር የመብት ሰነድ አስጽፎ አወጣ። ደግነቱ የታወቀለት ያ ሰው ራሱ፣ ቃል ብቻ እንደማይበቃ በዚያች ሰነድ መሰከረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ ከሥራ አስኪያጅነቱ ተነሣ። ሽርጥ የታጠቀው ጌታ ወንበሩን ለቀቀ፤ ወንበሩ ግን በቦታው ነበር፤ ማንም ሊቀመጥበት ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

በ2007 መጨረሻም የአሜሪካ ምክር ቤት፣ አየር መንገዶች ሲዋሐዱ የቅድምና ተራው በፍትሐዊ መንገድ እንዲቀላቀል የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። ሕጉን ካስወጡት ምክንያቶች አንዱ በ2001 በአሜሪካን አየር መንገድ የተጠቀለለው የቲደብልዩኤ አየር መንገድ አስተናጋጆች ዕጣ ነው፤ ረጅም አገልግሎታቸው ሳይቆጠር ከዝርዝሩ ግርጌ ተጥለው ነበርና። ሕጉ ድርድርን ያዝዛል፤ ድርድር ግን ተደራዳሪ ይሻል። በየግሉ ውል የፈረመ ሺህ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጥም።

«ማኅበር የገባበት ቤት ፍቅር ይወጣል» ለሚሉትም ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገም። ሳውዝዌስት በሠራተኞቹ ደስታ ስሙ የተነሣ፣ አብራሪዎቹም አብዛኞቹ ሠራተኞቹም በማኅበር የታቀፉ አየር መንገድ ነው። ኒልማን ራሱ ቀድሞ የነበረውን ሞሪስ ኤር የተባለ ኩባንያ በ1993 የሸጠው ለዚሁ ለሳውዝዌስት ነበር።

ምርጫው ሦስት ጊዜ ተካሄደ። የአሜሪካ የአየር መንገድ ሠራተኞች የሚደራጁት በ1926 ለባቡር ሠራተኞች በወጣውና በ1936 አየር መንገዶችን እንዲጨምር በተደረገው ሕግ ነው። እስከ 2010 ድረስ ድምፅ ያልሰጠ ሰው እንደ ተቃወመ ይቆጠር ነበር። በዚያ ሥርዓት በ2009 አብራሪዎቹ ለራሳቸው ብቻ ያሰቡት ማኅበር ሳይጸድቅ ቀረ። ሥርዓቱ ተለውጦ የሰጡት ድምፅ ብቻ መቆጠር ከጀመረ በኋላም፣ በ2011 በ1931 የተመሠረተውን አገር አቀፍ የአብራሪዎች ማኅበር አልፈልግም አሉ። በኤፕሪል 2014 ግን ድምፅ ከሰጡት 71 በመቶው ይሁን አሉ። ሲሳይ ግን ወዲያው አልዘነበም፤ የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት የጸደቀው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2018 ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና አውሮፕላኖች በየሜዳው ቆሙ። ያን ጊዜ ማኅበሩና ኩባንያው ተቀምጠው፣ እስከ ሜይ 1 ቀን 2021 ድረስ ማንም አብራሪ ያለፈቃዱ እንዳይሰናበት ተስማሙ። የሚፈርሙት ሁለት ወገኖች አስቀድመው ስለነበሩ ብዙ ፍለጋ አላስፈለገም።

ናይሮቢም ሆነ ጅቡቲ፣ ከአገሩ ርቆ ዕድር የሚከፍል አንባቢ ይህን ነገር ከአብራሪዎቹ ይልቅ በቀላሉ ሳይረዳው አይቀርም። ዕድር የሚመሠረተው ሬሳ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ሳለ አይደለም፤ ሁሉ ደኅና በሆነበት ቀን ነው። ዕድር የሚገባ ሰውም ጎረቤቶቼ ክፉዎች ናቸው ማለቱ አይደለም፤ እንዲያውም ለእንባው የማይሰስቱ ጎረቤቶች ይኖሩታል። ሆኖም ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ውሃውን ማን እንደሚያመጣ፣ ስንት ብር እንደሚሰጠው በደንቡ ተጽፏል፤ ሐዘንተኛው በሐዘኑ ቀን ደጅ እንዳይጠና ነው። ዕድር ሞትን እንደማያስቀር ሁሉ ማኅበርም ኪሳራን አያስቀርም፤ ከዩናይትድ የመጡት በዚህ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት፣ ከተሳሳቱ፣ ደግ ጌታ ያለው ሰው ውል አያሻውም ባሉት ላይ ነው። ደግ ጌታም ቢሆን ሲሄድ ደግነቱን ይዞ ይሄዳል፤ ትቶት የሚሄደው የተጻፈውን ነው።